የሕፃን እጅ ምስክርነት፤ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ ምስክር ሆኖ የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ዐዋቂ ሰው ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ በዜና መዋዕሉ፥ የጦር አለቃው በደብዳቤው፥ ካህኑ በብራናው ኅዳግ፥ አልቃሿ በሙሾዋ ያዩትንና የሰሙትን ለተከታዩ ትውልድ ያስተላልፋሉ። ሕፃን ግን ዜና መዋዕል አይጽፍም፤ በሸንጎ ፊት አቁሞ ቃሉን የሚቀበለውም የለም። ቤቱ ሲቃጠል በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ይሸሻል፤ ከሸሸም በኋላ ምን እንዳየ የሚጠይቀው ሳያገኝ ያድጋል። ሆኖም ወረቀትና እርሳስ የሚሰጠው ሰው ካገኘ፥ አንደበቱ ያልቻለውን እጁ ይናገራል። ነቢዩ ዳዊት በ8ኛው መዝሙሩ ስለ ሕፃናት አፍ የተናገረውን የሚያውቅ አንባቢ፥ ከሕፃናት እጅም የሚወጣ ቃል መኖሩን ቢሰማ አይደነቅም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በልዩ ልዩ አገርና ዘመን የነበሩ ሕፃናት ጦርነትንና ሰላምን በሥዕል እንዴት እንደ ገለጹ ከታሪክ ጠቅሶ ማስረዳት፥ ቀጥሎም ይህ ሥዕል በእኛ በዐዋቂዎች ላይ የሚያኖረውን ዕዳ ማሳየት ነው። የዓመታቱ ቍጥር ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሩስያን አገር እንመልከት። በ1956 ዓመት በኖቭጎሮድ ከተማ የጥንቱን ዘመን ቅሬታ ይቈፍሩ የነበሩ ሊቃውንት፥ በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረ ኦንፊም የሚባል ልጅ የጻፈባቸውን የዛፍ ቅርፊቶች ከምድር ውስጥ አወጡ። የዚያ አገር ሰዎች በርች የሚባለውን ዛፍ ቅርፊት እንደ ብራና ይገለገሉበት ነበር፤ የሚጽፉበትም በቀለም ሳይሆን በሹል ነገር እየጫሩ ነው። ሊቃውንቱ ልጁ የ6 ወይም የ7 ዓመት ዕድሜ እንደ ነበረው ይገምታሉ። ኦንፊም በቅርፊቱ ላይ ፊደል ቈጥሯል፤ ከመዝሙረ ዳዊትና ከጸሎትም ቃል እየቀዳ ተለማምዷል። የእኛ አገር የፊደልና የዳዊት ተማሪ የሚደክምበትን ትምህርት እርሱም ደክሞበታል። ነገር ግን ፊደሉን ጀምሮ በዚያው ቅርፊት ላይ አንድ ፈረሰኛ ሣለ፤ ፈረሰኛውም በወደቀ ሰው ላይ ጦር ይሰብቃል። በፈረሰኛው አጠገብ የራሱን ስም ጽፎበታልና ድል አድራጊው ሌላ ሳይሆን ራሱ ኦንፊም ነው።

ይህን ሥዕል ያየ ኢትዮጵያዊ ሰማዕቱን ቅዱስ ጊዮርጊስን ማስታወሱ አይቀርም። በሥዕሉ ውስጥ ፈረስ አለ፥ ጦር አለ፥ የወደቀ ጠላት አለ፤ የተቃጠለ ቤትና የምታለቅስ እናት ግን የሉም። ሥዕሉ ከጀግና ተረት የተወለደ ይመስላል። ሕፃን ጦርነትን ከሽማግሌ አፍ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲማረው እንዲህ አድርጎ፥ ራሱን በፈረሱ ላይ አስቀምጦ ያየዋል። በዚህም አይፈረድበትም፤ የተሰጠውን ተቀበለ እንጂ ከራሱ አልፈጠረውምና።

ይህም ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በፈረንሳይ አገር ይበልጥ ተገልጦ ታየ። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሪስ ከተማ በሞንማርትር ሰፈር የተማሩ ልጆች የሣሏቸው ከ1,000 በላይ ሥዕሎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። ልጆቹ ከጦሩ ግንባር የራቁ ስለ ነበሩ ውጊያውን ያወቁት ከመምህራቸው ቃልና ከጋዜጣ ነው። ስለዚህ በሥዕላቸው ውስጥ የአገራቸው ሰንደቅ ዓላማ ከፍ ብሎ ይውለበለባል፤ ወታደራቸው ይጀግናል፤ ጀርመናዊው ይሸሻል ወይም መሳለቂያ ይሆናል። በዚያው ስብስብ ውስጥ ግን ሌላ ዐይነት ሥዕል አለ፤ ይኸውም የምግብና የከሰል እጦት፥ በከተማው የነበረ የዕለት ኑሮ ነው። የመጀመሪያው ሥዕል የመምህሩ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው የልጁ የገዛ ዓይኑ ነው። አንድ ልጅ በአንድ እርሳስ ሁለቱንም ሊሥል ይችላል፤ መርምሮ የሚለያቸው ግን ተመልካቹ ነው።

ጦርነት ከግንባር ተነሥቶ እስከ ሕፃኑ አልጋ ሲደርስ ሥዕሉም ይለወጣል። በ1936 ዓመት በሐምሌ ወር በእስፓኝ አገር የእርስ በእርስ ጦርነት ተነሣ። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሊሰማው አይችልም። በ1935 መጨረሻ ደሴን በአይሮፕላን የደበደበው የሙሶሊኒ መንግሥት፥ ዓመት ሳይሞላ አይሮፕላኖቹን ለጄኔራል ፍራንኮ ረዳት አድርጎ ወደ እስፓኝ ልኳልና። ከጀርመን መንግሥት አይሮፕላኖች ጋራ ሆነው የዚያን አገር ከተሞች ደበደቡ፤ ማድሪድ ከ1936 መጨረሻ ወራት ጀምሮ፥ የባስኮች ከተማ ጌርኒካም በ1937 በሚያዝያ 26 ቀን በቦምብ ተመታች።

ሕፃናቱ ከተደበደቡት ከተሞች እየተወሰዱ በቫሌንሲያና በካታሎኒያ በተዘጋጁ የሕፃናት ማደሪያዎች ተቀመጡ። ከባስኮችም ክፍል በ1937 በግንቦት ወር ወደ 4,000 የሚጠጉ ልጆች ሀባና በምትባል መርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። በማደሪያዎቹ የነበሩ መምህራን ለልጆቹ ወረቀትና የቀለም እርሳስ እየሰጡ አሣሏቸው። ልጆቹም ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ኑሯቸውን፥ በጦርነቱ ጊዜ ያዩትን፥ ከጦርነቱም በኋላ ይሆናል ብለው ተስፋ ያደረጉትን ሣሉ። ከሥዕሎቹ 60ው በ1938 በኒው ዮርክ በመጽሐፍ ታተሙ፤ መቅድሙን የጻፈው እንግሊዛዊው ደራሲ ኦልደስ ሃክስሊ ነው። ዛሬ በማድሪድ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1,000 በላይ፥ በአሜሪካም በሳን ዲዬጎ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ600 በላይ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ይገኛሉ።

በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ጀግና ፈረሰኛ የለም። ከላይ አይሮፕላኖች ተሰልፈዋል፤ ከሆዳቸው ቦምብ እንደ ጥቍር ጠብታ ይወርዳል፤ ከታች ቤት ተሰንጥቆ ውስጡ ይታያል፤ ሰዎች ጓዛቸውን ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ባቡር ልጆችን ጭኖ ይሄዳል። ሃክስሊም በመቅድሙ የአይሮፕላኑ ብዛት እንዳስገረመው ገልጿል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ስመ ጥሩው ሠዓሊ ፒካሶ በዚያው በ1937 ዓመት በፓሪስ ሆኖ ጌርኒካ የተባለውን ታላቅ ሥዕል ሠራ፤ በሥዕሉም ፈረስ፥ ወይፈን፥ የሞተ ልጅ የታቀፈች እናት ይታያሉ፤ አይሮፕላን ግን የለበትም። ዐዋቂው ሠዓሊ የመከራውን ፍች ፈለገ፤ ሕፃኑ ግን መከራው ከየት እንደ መጣ በጣቱ አመለከተ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ምስክር ተብሎ ለመጠራት የሚበቃው ግን ይበልጡን ሕፃኑ ነው።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ቅዱሳን ሁለት ዓይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ከሓድያንና አጋንንት ግን በጎን፥ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ። ሠዓሊው ጠላትን ከወዳጅ የሚለየው በዓይን ነው። የእስፓኝ ሕፃን ግን ብዙውን ጊዜ ለሚገድለው ሰው አንዱን ዓይን እንኳ አልሣለለትም፤ ከሰማይ በላይ ስለ ነበር አላየውምና። በኦንፊም ሥዕል ገዳዩም ሟቹም ይታያሉ፤ በእስፓኙ ሕፃን ሥዕል የሚታየው ሟቹ ብቻ ነው። የዘመናችን ጦርነት ከቀድሞው የተለየበትን ምክንያት የጦር ሊቃውንት በብዙ መጽሐፍ ያስረዳሉ፤ የ10 ዓመት ልጅ ፊት የሌለው አይሮፕላን በመሣል በአንድ ገጽ አስረዳው።

ነገር ግን የሕፃን ሥዕል ስንመለከት መቸኰል አይገባም። በቅኔ ቤት መምህሩ ተማሪውን አስቀድሞ ሰሙን እንዲያውቅ ያደርገዋል፤ ሰሙን ሳያውቅ ወርቁን ለማውጣት የሚቸኩል ተማሪ ያልተባለውን ተባለ ብሎ ይፈታልና። በሕፃናትም ሥዕል እንዲሁ ነው። ልጁ ቤቱን በጥቍር ቀለም ቢሥለው ሐዘኑን ለመግለጥ ይሆናል፤ ወይም ከጥቍሩ እርሳስ በቀር ሌላ አልደረሰው ይሆናል። ሰውየውን ያለ እጅ ቢሥለው እጁ በቦምብ ተቈርጦ ይሆናል፤ ወይም እጅ መሣል ገና አልተማረ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ልጁን ራሱን፥ ይህ ምንድር ነው? ይህስ ማን ነው? ብሎ በዝግታ መጠየቅ፥ የሚመልሰውንም በትዕግሥት መስማት ይገባል። ሰሙ ከተገኘ ወርቁ በጊዜው ይገለጣል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጦርነት ነው። የሰላምስ መልክ ምንድር ነው? ዐዋቂዎች ሰላምን ለመሣል ሲፈልጉ ርግብ፥ የወይራ ቅጠል፥ የተጨባበጡ እጆች ይሥላሉ። ጦርነት ያየ ሕፃን ግን፥ ካልተማረው በቀር፥ በምሳሌ አይናገርም፤ ያጣውን ነገር በስሙ ይጠራዋል። በእስፓኝ ልጆች ሥዕል ከጦርነቱ በፊት የነበረው ዘመን ቤትና እርሻ፥ ቤተሰብና ጨዋታ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ይመጣል ያሉትም ዘመን ይኸው ያጡት ነገር ተመልሶ ነው። ትዝታና ተስፋ በሕፃን ወረቀት ላይ አንድ መልክ አላቸው።

ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በቼኮች አገር በተሬዚን የሆነው ነገር ነው። ተሬዚን በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራ ምሽግ ሲሆን፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የናዚ መንግሥት አይሁድን የሚያጉርበት ስፍራ አደረገው፤ ከዚያም ብዙዎቹ ወደ አውሽቪትስ ተወስደው ተገደሉ። በ1942 በታኅሣሥ ወር ወደዚያ ከተጋዙት መካከል በ1898 በቪየና የተወለደችው ሠዓሊት ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ነበረች። ተጋዡ ይዞት እንዲሄድ የተፈቀደለት ጓዝ 50 ኪሎ ብቻ ነበር። እርሷ ግን ከዚያች ጥቂት ጓዝ ላይ ለልብስና ለስንቅ ከማሰብ ይልቅ የሥዕል ዕቃ ይዛ ሄደች። በተሬዚንም በስውር ለሕፃናት ሥዕል አስተማረች፤ በተገኘው ቍራጭ ወረቀት ሁሉ፥ በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ጭምር አሣለቻቸው። ከትምህርቷ ሕግ አንዱ እያንዳንዱ ልጅ በሥዕሉ ላይ ስሙን እንዲጽፍ ነበር። ገዢዎቹ ሰውን በቍጥር ይጠሩ በነበረበት ስፍራ፥ እርሷ ለልጆቹ ስማቸውን መለሰችላቸው።

ልጆቹ ምን ሣሉ? ተደራራቢውን አልጋ፥ ጠባቂውን፥ ለምግብ የቆመውን ሰልፍ የሣሉ አሉ። ብዙዎቹ ግን አበባና ቢራቢሮ፥ መስክ፥ ቤት፥ በሻማ የደመቀ የፋሲካ ማዕድ ሣሉ። በዙሪያቸው ያልነበረውን ሰላም በወረቀት ላይ አኖሩት። አንድ ሰው ይህ ከእውነት መሸሽ ነው ሊል ይችላል። እኛ ግን ቅዱሳን አባቶች በእስር ቤት ሆነው ሰማያዊቱን ኢየሩሳሌም ማሰባቸውን ከእውነት መሸሽ አንለውም፤ የዚህ ሕፃን ማዕድም ከዚያ የራቀ አይደለም። ፍሪድል በ1944 በጥቅምት ወር ወደ አውሽቪትስ ተወስዳ ተገደለች፤ ካስተማረቻቸውም ልጆች አብዛኞቹ እንደ እርሷ ሞቱ። ከመሄዷ በፊት የተሰበሰቡት 4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ተረፉ፤ አሁን በፕራግ ከተማ በአይሁድ ሙዚየም ይገኛሉ። ስማቸውን ስለ ጻፉበትም ሥዕሉ የማን እንደ ነበረ ዛሬ ይታወቃል።

የሕፃን ሥዕል ከቤተ መዘክር አልፎ ከፍርድ አደባባይ የደረሰበትም ጊዜ አለ። ከጎረቤታችን ከሱዳን፥ ከዳርፉር ክፍል ሸሽተው በቻድ አገር የተጠለሉ ሰዎችን ለመጠየቅ በ2005 ዓመት የሂዩማን ራይትስ ዎች መርማሪዎች ሄደው ነበር። ከዐዋቂዎቹ ጋራ ሲነጋገሩ ልጆቹ እንዲጫወቱ ብለው ወረቀትና የቀለም እርሳስ ሰጧቸው፤ ይህን ሣሉ ብሎ ያዘዛቸው አልነበረም። ልጆቹ ግን በፈረስና በግመል የመጡ ጦረኞችን፥ ከሰማይ ቦምብ የሚጥሉ አይሮፕላኖችን፥ የሚነዱ ጎጆዎችን ሣሉ። ከዚያም በኋላ በ2007 ሌላ ማኅበር የሰበሰባቸው 500 ያህል የዳርፉር ልጆች ሥዕሎች በሄግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርበው፥ የነገሩን ሁኔታ የሚያስረዱ ሆነው ተቀባይነት አገኙ። በመጀመሪያ ሕፃንን በሸንጎ ፊት አቁሞ ቃሉን የሚቀበል የለም ብለን ነበር፤ በእጁ ግን ወደ ሸንጎ ገባ።

የመጨረሻው ታሪክ የጃፓን ነው። በ1945 በነሐሴ 6 ቀን ጧት በሂሮሺማ ከተማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ተጣለ። የሆንካዋ ትምህርት ቤት ቦምቡ ከፈነዳበት ስፍራ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነበር። በዚያ ጧት በትምህርት ቤቱ ከነበሩት 400 ያህል ልጆችና ከመምህራኑ የተረፉት አንዲት መምህርትና አንዲት ተማሪ ብቻ ናቸው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በሕይወት የቀሩ የከተማው ልጆች መስኮቱ በረገፈው ሕንጻ ውስጥ ትምህርት ሲጀምሩ የሚጽፉበት አልነበራቸውም።

በ1946 በኅዳር ወር በዋሽንግተን ከተማ የጦር መርከብ አለቆች በቦምብ ደመና አምሳል የተጋገረ ኬክ ሲቈርሱ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጣ። በዚያው ከተማ ኦል ሶልስ የምትባለው የዩኒቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ፥ ፓወል ዴቪስ፥ ይህን ነገር በዐውደ ምሕረት ቆሞ ገሠጸ። ስብከቱም ጃፓን ድረስ ተሰማ፤ በዚያ በትምህርት ሥራ ላይ የነበረ አንድ አሜሪካዊ የጃፓን ልጆች ወረቀትና እርሳስ አጥተዋል ብሎ ጻፈለት። ከዚህ በኋላ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ልጆች እርሳስ፥ ቀለምና ወረቀት ግማሽ ቶን ያህል ሰብስበው ወደ ሂሮሺማ ላኩ። የሆንካዋና የሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆችም በዚያው ቀለም ወደ 50 የሚጠጉ ሥዕሎች ሠርተው በ1948 ምስጋናቸውን መለሱ።

አንባቢ፥ ልጆቹ የቦምቡን እሳት ሣሉ ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። እነርሱ ግን የሚያብብ ዛፍ፥ የሚጫወቱ ልጆች፥ የአገራቸውን መልክ ሣሉ። ረስተውት ነው የሚል አይገኝም፤ በየቀኑ የሚሄዱበት መንገድ ፍርስራሽ ነበርና። ነገር ግን ቀለሙን የላከላቸው ልጅ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ለልጅ ስጦታም የልጅ ስጦታ መለሱ። በዳርፉር ልጆች ሥዕል ፍርድ ይጠየቃል፤ በሂሮሺማ ልጆች ሥዕል ዕርቅ ይቀርባል። ዕርቁንም ያመጣው ከመንግሥታት ውል አስቀድሞ የእርሳስ ሣጥን ነው። ሥዕሎቹ ብዙ ዘመን በቤተ ክርስቲያኒቱ ተቀምጠው በ2010 ወደ ሂሮሺማ ተወስደው ታዩ፤ ከሠዓሊዎቹም አንዳንዶቹ በሽምግልናቸው የልጅነት እጃቸውን ሥራ ለማየት በቁ።

ያች ቤተ ክርስቲያን ምስጢረ ሥላሴን ስለማትቀበል ትምህርተ ሃይማኖቷ ከእኛ ሃይማኖት እጅግ የራቀ ነው። ጌታችን ግን የቈሰለውን መንገደኛ ማን እንዳነሣው በምሳሌ ሲናገር ካህኑንና ሌዋዊውን አሳልፎ ሳምራዊውን እንዳከበረው እናውቃለን። ሃይማኖታችን ርትዕት ከሆነች፥ ምግባራችን ከሳምራዊው እንዳያንስ መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

እንግዲህ ታሪኩን ሁሉ በአንድነት ብንመለከተው፥ በእያንዳንዱ ሥዕል በስተ ኋላ ወረቀት የሰጠ ሰው እናገኛለን። በእስፓኝ መምህራን፥ በተሬዚን ሞት የተፈረደባት ሠዓሊት፥ በሂሮሺማ በባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ሰጡ። ወረቀት ያልደረሰው ሕፃን ያየው ነገር ከእርሱ ጋራ ወደ መቃብር ይወርዳል፤ ወይም በልቡ ውስጥ ተቀብሮ ሲያድግ ወደ ቂም ይለወጣል። ስለዚህ ከሥዕሉ ግማሹ የልጁ ሲሆን ግማሹ የሰጪው ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተደረገው ጦርነት፥ ከዚያም በኋላ በሌሎች ክፍሎች በተነሣው ግጭት፥ ትግርኛም አማርኛም አፋርኛም ኦሮምኛም የሚናገሩ ሕፃናት የእስፓኝና የዳርፉር ሕፃናት ያዩትን አይተዋል። እነርሱ ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፥ በየቄስ ትምህርት ቤቱና በየመጠለያው ተቀምጠዋል። መምህር ሆይ፥ ፊደል ከምታስቈጥርበት ሰዓት ጥቂቱን ከፍለህ ወረቀት ስጣቸው። ጠላትህን ሣል ብለህ አታዝዘው፤ ቂምህን በልጅ እጅ አታጽፍ፤ የሞንማርትር ልጆች ያሳዩን ይህንኑ ነው። የፈለገውን ይሣል። ሲጨርስም ምንድር ነው ብለህ ጠይቀው፥ ስሙን አስጽፈው፥ ሥዕሉንም አትጣለው፥ ከመጽሐፍህ ጋራ አኑረው። አንዱ ልጅ የሚነድ ጎጆ ቢያሳይህ ምስክርነቱን ተቀበለው። ሌላው ክዳኑ የተጠገነ ቤትና በማዕድ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተሰብ ቢያሳይህ፥ ሰላምን እየለመነህ መሆኑን ዕወቅ፤ ያንን ቤት መሥራትና ያንን ማዕድ መሙላት የዐዋቂው ድርሻ ነው።